እንዴት አደሩ የሚል ግድግዳ

እናንተ ልጆች፣ እንደ እኛው ባለ ቤት ልትገቡ ነው አሉ። እንግዲያው ከመግባታችሁ በፊት ስሙኝ። ስሜ ኤልዳና ነው፤ ዕድሜዬን የጨረስኩት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ውስጥ ተራ ሳስከብር ነው። ድምፄ ከፍ ካለ ተቆጥታ ነው አትበሉ። ተቆጥቼም ሊሆን ይችላል፤ ግን መጨረሻውን ሳትሰሙ አትፍረዱ።

የሕንፃው ሕግ የወጣው በ2079 ነው። ሲሚንቶ ለድልድይና ለግድብ ብቻ ሆነ። መኖሪያ ቤት ውስጥ እሳት የለም፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የለም፣ ከሰልማ ስሙም አይነሣም። ቤት ራሱን ራሱ ያሙቅ ተባለ። በደብረ ብርሃን! ኅዳር ላይ ውርጩ የባልዲ ውኃ በሚያረጋበት አገር! ይህን ያወጣው ሰው አዋሽ ዳር ተቀምጦ፣ በላብ ተጠምቆ ነው እያልኩ ስንት ጊዜ ተራገምኩ።

ቤቱን ሳየው ግን አፌን ያዝኩ። አራት ፎቅ፣ ከእግር እስከ ራሱ ጭቃ። ጭቃ ስላችሁ የዘመመ ጎጆ እንዳይመስላችሁ። በጭድና በመንዝ በግ ጠጉር ተቦክቶ የከረመ፣ መስኮቱ ላይ ሰው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥበት ወፍራም ግድግዳ ነው። ምድር ቤቱ የበጎች ነው፤ ትንፋሻቸው በግድግዳው ውስጥ ወዳለው መተንፈሻ ገብቶ ወደ ላይ ይወጣል። ጠረኑስ አትሉኝም? ጠረን የለውም። እንዴት እንዳደረጉት አላውቅም፣ አልጠየቅሁምም፤ አውቶቡስ የሚሳፈር ሁሉ ሞተር አይፈታም። ቀን ግድግዳው የጠጣውን ፀሐይ መካከል ላይ ያለ ትልቅ ዓምድ ይቀበልና ማታ ለየቤቱ ያድላል። ይህን ዓምድ እንብርት ነው የምንለው። ከአዲስ አበባ፣ ከመቀሌ፣ ከናይሮቢ ሳይቀር እንግዶች ሊያዩት ይመጣሉ። ሲመሽ ከጣሪያው ቀጭን እንፋሎት ይወጣል፤ «ቤቱ ይተነፍሳል!» እያሉ ፎቶ ያነሣሉ። እኛም ደጅ ቆመን፣ ደረታችንን ነፍተን አብረን እንነሣለን።

መስከረም ሲጠባ ምርጊት አለ። ክረምቱ ያጠበውን ግድግዳ የሚመርገው እዚያው የሚኖረው ሰው ነው፤ ቀጥሮ ማስመረግ ያስቀጣል። ሀብታምም ሆነ ሹም ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ይረግጣል። ሁለተኛ ፎቅ ዙፋን የምትባል ዳኛ አለች። ጭቃው ውስጥ በቂጧ ስትቀመጥ ያነሣኋት እኔ ነኝ፤ ከመሳቄ የተነሣ ሁለት ጊዜ ለቅቄያታለሁ።

ደግሞ ግድግዳው ይናገራል። ጠዋት ጠዋት ፊታችንን ታጥበን ስንጨርስ «እንዴት አደሩ? በርዶዎታል ወይስ ሞቆዎታል?» ይላል። የሰውን ገላ መለካት በሕግ ክልክል ነው። ደግ ሕግ ነው፤ ቤት ሰውን ይሰልል የነበረበትን ዘመን እናቴ ታወራኝ ነበር። ስለዚህ ቤቱ የሚያውቀው ሰው የነገረውን ብቻ ነው። በሰው ስም መናገርም አይቻልም። ድሮ አከራዮች «ተከራዮቼ ተመችቷቸዋል» እያሉ ሲፈርሙ ኖረዋልና፣ እያንዳንዱ ስለ ገዛ ገላው ራሱ ይመስክር ተባለ። ሦስት ዓመት በየብርዱ ወራት ነዋሪው ከመሰከረለት ቤቱ ይጸድቃል፤ ከጸደቀ ደግሞ በየደጋው እንደ እሱ ያሉ ብዙ ቤቶች ይሠራሉ።

እኛስ ምን እንመልስ ነበር? «ተመስገን፣ ደህና ነኝ።» አንደኛ ፎቅ ያሉት ሐጂ ሙስባሕ «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ሌላ ምን ይባላል? እንዴት አደርክ ላለው ሰው «በርዶኝ አደርኩ» ብሎ የሚመልስ ምን ያለ ስድ አደግ ነው? እንዲህ እያልን የሦስተኛው ዓመት ብርድ ገባ።

ቤቱን ያሰበችው ሀሴት ትባላለች። ቀጭን፣ ስትናገር እጇ የማያርፍ ወጣት መሐንዲስ ናት። የገባን ዕለት ሰብስባን «ሙቀቱ የጋራ ነው፤ አንዱ ሲወስድ ከሌላው ነው የሚወስደው። ስለዚህ የበረደውም ይናገር፣ የሞቀውም ይናገር፣ ቤቱ ያመጣጥነዋል» አለችን። ጥሩ አድርጋ ነው የነገረችን። እኛ ጆሯችን ውስጥ የቀረው ግን «ከሌላው ነው የሚወስደው» የሚለው ብቻ ነው።

ከእኔ በር ፊት ለፊት ጋሼ ናታን ይኖራሉ። ጡረታ የወጡ ነርስ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ በሽተኛውን ሁሉ «የቱ ጋ ነው የሚያምዎት?» ሲሉ ኖረዋል። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጅ የላቸውም። ቤታቸው በሰሜን በኩል ጥጉ ላይ ነው። ከእሳቸው በላይ፣ እንብርቱን ተደግፎ ባለው ቤት፣ መክሊት የምትባል አራስ አለች። ባሏ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ላይ ስለሚሠራ ብዙ ጊዜ ብቻዋን ናት፤ ሕፃኗም ሌሊቱን ሲያለቅስ ያድራል።

ጥር ላይ አንድ ጠዋት ጋሼ ናታንን አንኳኩቼ ዝም አሉኝ። ደጋግሜ አንኳኳሁ። በሩን ገፋ ሳደርገው ተከፈተ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ጋቢ በጋቢ ደርበው ቁጭ ብለዋል። ከንፈራቸው ጠቁሯል። እጃቸውን ስይዘው የወንዝ ድንጋይ ነው። ግድግዳቸውን ነካሁት፤ እሱም ያው ነው።

«ጋሼ! ምን ሆነዋል?»

«ምንም አልሆንኩም፤ ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አሉና ሳል ያዛቸው። ሳሉ አልለቅ ብሏቸው ጎናቸውን ይዘው ጎበጡ።

ክሊኒክ ስናደርሳቸው የሳንባ ምች ነው ተባለ። ሐኪሟ ወደ ጎን ወሰደችኝና «ይድናሉ። ግን እዚያው ብርድ ውስጥ ተመልሰው ከገቡ ሁለተኛ አንመልሳቸውም» አለችኝ። ቤት ስደርስ ደሜ ፈልቶ ነበር። በቀጥታ ግድግዳው ፊት ቆምኩ።

«አንተ! ጋሼ ናታን በርዷቸዋል! ሰምተሃል? በርዷቸዋል!»

«ስለ ሌላ ሰው ገላ ምስክርነት መቀበል አልችልም» አለኝ በዚያ በጨዋ ድምፁ። «እርስዎ እንዴት ዋሉ? በርዶዎታል ወይስ ሞቆዎታል?»

«የአንተ ያለህ! እኔን ተወኝና ለእሳቸው ሙቀት ስጥ!»

«እሳቸው ደህና ነኝ ብለዋል።»

ሰድቤዋለሁ፤ የመናኸሪያ ስድብ ነው፣ እዚህ አይደገምም። እሱ ግን ስድቤን ታግሦ ሰምቶ አመሰገነኝ። ግድግዳ ላይ መጮህ እንደሚያደክመኝ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው።

በማግሥቱ ክሊኒክ ሄድኩና አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። «ለምን አልተናገሩም? ሰው እንዴት ዝም ብሎ ይሞታል?» አልኳቸው።

«የመክሊት ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ያለቅሳል» አሉኝ። «በርዶት ነው። እኔ በርዶኛል ብል ቤቱ ከማን የሚወስድ ይመስልሻል? ከላይ ካለው ነው። ይህን ያህል ዘመን የኖርኩ ሰውዬ ከአራስ ልጅ ላይ ሙቀት ልቀማ? ነውር ነው፣ ኤልዳና።»

«እና ተመልሰው እዚያው ሊገቡ ነው?»

«የት ልሂድ ታዲያ? ቤቴ ነው። ደግሞ አሁን ደህና ነኝ» አሉኝ። ይህን ሲሉኝ የኦክስጅኑ ቱቦ አፍንጫቸው ላይ ነው!

እኔ ቤት ይምጡ ብላቸው እንቢ አሉ። በግድ አስገባቸዋለሁ ብል የሰው ቤት ገብተው እንደማይተኙ አውቃለሁ፤ በግድ የተሰጣቸውን ቁራሽ እንኳ አይቀበሉም። ሳምንት ሳይሞላ ሊወጡ ነው። የቀረኝ አንድ መንገድ ሀሴት ናት፤ ደወልኩላትና ያለ የሌለ ቁጣዬን አወረድኩባት። ሌላ መሐንዲስ ቢሆን «ሪፖርቱ ደህና ነው ይላል» ብሎ ስልኩን ይዘጋብኝ ነበር። እሷ ግን «መጣሁ፣ እትዬ ኤልዳና» አለች፤ ያኔውኑ መጣች።

መዳፏን የጋሼ ናታን ግድግዳ ላይ አድርጋ ዓይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች። ከዚያ «ዛሬ እዚህ ነው የማድረው» አለች። ጋቢ ላምጣልሽ ብላት እንቢ አለች። ራሷ የሠራችውን ቤት በገዛ አጥንቷ ልትፈትን ነው። ቁጣዬ እዚያው ላይ ሲበርድ ተሰማኝ፤ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

ጠዋት ገንፎ ይዤላት ስሄድ ተነሥታ መሀል ቤት ቆማለች። ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ፣ እጆቿን ብብቷ ውስጥ ከታለች። ልክ ስገባ ግድግዳው «እንዴት አደርሽ? በርዶሻል ወይስ ሞቆሻል?» አላት።

«ደ... ደህና... ተመስገን» አለች።

አየኋት። አየችኝ። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እትዬ ኤልዳና፣ ምን አልኩ?»

«ደህና አልሽ፣ እናቴ።»

«ቀዝቅዤ ልሞት ነው እኮ!» አለችና ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳቀች፤ እየሳቀች እንባዋ ወረደ። «የሠራሁት እኔ! እኔው ራሴ ዋሸሁት! ሰውን እመን ብዬ ነው ያስተማርኩት፤ አመነን።» ከዚያ ሳቋ ቆመና ወደ ጣሪያው ቀና አለች። «ያ እንፋሎት... ማንም ካልጠየቀ ግድግዳው እንዳይሰነጠቅ ትርፉን ወደ ሰማይ ይለቀዋል። ትርፍ መስሎት ነው። ሙቀታችሁን ነው ፎቶ ስትነሡበት የከረማችሁት።»

ያን ዕለት ከሰዓት ሁላችንም የጋራው አዳራሽ ተሰበሰብን። መክሊት ብቻ ልጁ ተኝቶላት ስለነበር አልወረደችም። ሀሴት ፊታችን ቆማ «ገላችሁን መለካት አልችልም፤ ሕጉ አይፈቅድም፣ እኔም አልፈልግም። የምችለው አጠያየቁን መለወጥ ነው። ሕጉ እስከ ሦስት ጊዜ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል፤ ከዚያ በላይ ሰውን መነዝነዝ ነው ይላል። እስኪ ንገሩኝ፣ እንግዳ ቤታችሁ መጥቶ አልበላም ሲል ምን ታደርጋላችሁ?» አለችን።

አዳራሹ ተናወጠ። ሁሉም ባንድ ጊዜ ነው የሚያወራው። የመጀመሪያው እንቢታ አይቆጠርም፤ እሱ ወግ ነው። ሁለተኛውም አይቆጠርም፤ እሱ መግደርደር ነው። ሦስተኛው ላይ ይማልበታል። ሐጂ ሙስባሕ «ጋባዡ መቸኮል የለበትም። በልቻለሁ ሲልህ እሺ ብለህ ማዕዱን ካነሣህ እኮ አባረርከው ማለት ነው። ይህ ቤት ሦስት ዓመት ሙሉ ማዕድ ሲያነሣብን ነው የኖረው» አሉ። አጨበጨብንላቸው።

«በምን ይማል ታዲያ?» አለች ሀሴት።

«አፈር ስሆን ይበል» አለ አንዱ ከኋላ።

«አፈር ነው እኮ! ምን ሊሆን ነው ደግሞ?» ብላ ዳኛዋ ስትመልስለት ወንበር እስኪወድቅ ሳቅን። በመጨረሻ «በሞቴ» ጸደቀ። ለሐጂ ግን ወላሂ ይበልላቸው ተባለ። ጋሼ ናታን ክሊኒክ ያሉኝን ነግሬያቸው ስለነበር ዳኛዋ አንድ ነገር ጨመረች። «ጋሼ ናታን መጀመሪያ ስለ አራሷ ነው የሚጠይቁት። ስለ ሌላ ሰው መናገር ክልክል ነው። ግድግዳው ምን እንደሚመልስ እኔ አጽፈዋለሁ» አለች፤ ከሀሴት ጋር ጥግ ይዘው ተንሾካሾኩ።

ጋሼ ናታን በማግሥቱ ማምሻውን መጡ። ደግፌ ወደ ቤታቸው አስገባኋቸው፤ አልጋው ላይ ተቀመጡ። ሀሴት መተላለፊያው ላይ ቀርታለች፤ ጥፍሯን ስትበላ አይቻታለሁ። ዛሬ ካልተናገሩ እዚሁ በርዷቸው ያድራሉ፤ ሐኪሟ ያለችውን ደግሞ ሰምቻለሁ።

ግድግዳው «እንኳን ደህና ገቡ፣ ጋሼ ናታን። በርዶዎታል ወይስ ሞቆዎታል?» አለ።

«ደህና ነኝ፣ ተመስገን።»

ድሮ ቢሆን እዚህ ላይ ያበቃ ነበር። አሁን ግን ሳይቸኩል «ኧረ ጋሼ፣ እውነትዎን ነው?» አለ። ጋሼ ናታን ቀና ብለው ግድግዳውን አዩት። ሦስት ዓመት አንድም ቀን እንዲህ ብሏቸው አያውቅም።

«እውነቴን ነው። ምንም አልሆንኩም።»

«ትንሽ በርዶዎት ከሆነ ይንገሩኝ፤ በሞቴ።»

ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ነው። ድሮ በሽተኛ ሲያዩ እንደለመዱት ዓይነት፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የመክሊት ልጅስ?» አሉ።

«የእሷን እሷን እጠይቃለሁ። አሁን የምጠይቀው እርስዎን ነው» አለ ግድግዳው።

ጋሼ ናታን ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እንደ ተማሪ ተቀመጡ። ፊታቸው ተሸበሸበ። «በርዶኛል» አሉ። ቆዩና ደግሞ «በጣም ነው የበረደኝ። ሚስቴ ከሞተች ጀምሮ ሞቆኝ አያውቅም» አሉ። ሀሴት በሩ ላይ ተደግፋ ስቅስቅ ትላለች፤ እኔም የምሠራው ጠፍቶኝ የትራሳቸውን ልብስ አስተካክላለሁ። እንዲህ ስንሆን ነው ሙቀቱ በግድግዳው በኩል ሲመጣ የተሰማን፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ዳቦ ቤት ጀርባ። ጋሼ ናታን ጀርባቸውን አስደግፈው ዓይናቸውን ከደኑ። ልወጣ ስል ጠሩኝ።

«ኤልዳና፣ ለሰው እንዳትነግሪ። አደራ።»

«እሺ» አልኳቸው።

ጠዋት ግድግዳው ሌላውን ሰው ሁሉ ሲጠይቅ ሰው መግደርደሩን አልተወም። ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት ጊዜ ደህና! በሞቴ ተብሎ እንኳ! ስለዚህ ምን ላድርግ? መናኸሪያ ውስጥ እንደለመድኩት መወጣጫው መሀል ቆሜ «ስሙ! ጋሼ ናታን በርዶኛል ብለዋል! እሳቸው ካሉ ማን ይፈራል?» ብዬ ጮህኩ። ከዚያ በየበሩ ውስጥ ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ሐጂ ወገቤን ይቀዘቅዘኛል አሉ። ዳኛዋ እግሬ አለች። መክሊት ልጇን ታቅፋ ወረደች፤ ሕፃኑ አንገቱ በሙቀት ሽፍታ ተሞልቷል።

«እትዬ ኤልዳና፣ እኛ እኮ በሙቀት ልንሞት ነው! ልጄ ሌሊቱን የሚያለቅሰው ሞቆት ነው። ሙቀት በዛብኝ ብል አልጠግብ ባይ ይሉኛል ብዬ፣ የበረደው ሰው ባለበት ቤት...» ብላ አለቀሰች። እሳቸው ለእሷ ሲቀዘቅዙ፣ እሷ ደግሞ ላቧን ስትጠርግ! እኛን የፈጠረ ምን ይበለን? ያን ምሽት ከጣሪያችን ላይ እንፋሎት አልወጣም። ፎቶ ሊያነሡ የመጡ እንግዶች አዝነው ተመለሱ፤ እኛ ውስጥ ሆነን ሹራባችንን አወለቅን።

ሀሴት ወደ ሕንፃ ጽሕፈት ቤቱ ሄዳ ራሷ ተናገረች። የሦስቱ ዓመት ምስክርነት እውነት አልነበረም፣ ከዜሮ ይቆጠር አለች። ማንም አልጠየቃትም፤ ዝም ብትል ቤቱ በሳምንቱ ይጸድቅላት ነበር። ሦስት ዓመት እንደገና ጠበቀች። አሁን ጸድቆ ነው እናንተ የምትገቡት። ስታገኟት ዝቅ ብላችሁ ሰላም በሏት፣ ይገባታል።

እኔ ግን አደራ በላሁ፣ አልክድም። ጋሼ ናታን መወጣጫው ላይ መጮሄን ሰምተዋል። ዳኑ፣ ጉንጫቸው ሞላ፣ ጠዋት ጠዋት በጎቹን ለማየት መውረድ ጀመሩ፤ እኔን ሲያዩ ግን ፊታቸውን ያዞራሉ። ምግብ ብልክላቸው ሳህኑን አጥበው በሰው ይመልሱልኛል። ቀን በቀን ነደደኝ። አንድ ጠዋት መተላለፊያው ላይ ጠብቄ መንገዳቸውን ዘጋሁ።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» አልኳቸው።

ቆሙ። ያች የድሮዋ ቃል ከንፈራቸው ላይ ስትመጣ አየኋት፤ «ደ...» አሉና ዋጧት።

«ደህና አይደለሁም» አሉኝ፣ ዓይኔን እያዩ። «ተቀይሜሻለሁ፣ ኤልዳና። አደራዬን በላሽ።»

በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ወቀሳ የለም። ይቅርታ ልል አፌን ከፍቼ ለቅሶ ቀደመኝ፤ እዚያው መተላለፊያው ላይ ተጠምጥሜ አቀፍኳቸው።

«ልቀቂኝ እንጂ!» አሉኝ። «ሞቀኝ!»